ባለ ዘንጉ ዲጂታል ቴርሞሜትር፦ ለድሬ ኩሽናና ለባዮሎጂ ክፍል

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ግዙት። እንጀራ የምትጋግሩ፣ ጠላ የምትጠምቁ፣ ወተት የምታረጉ፣ እንደ እኔ ባዮሎጂ የምታስተምሩ ሁሉ ይጠቅማችኋል። ድሬ ውስጥ በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላየሁም። እንከን አለው፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው «ሙቀቱን በእጄ አውቀዋለሁ፣ ምን ብዬ እለካለሁ?» ይላል። እውነት ነው፣ እጅ ለብ ያለን ውሃ ከቀዝቃዛው በደንብ ይለያል። ከ50 ዲግሪ በላይ ያለውን ሁሉ ግን «ያቃጥላል» ብቻ ነው የሚለው። 60 ይሁን 80 አይነግረንም። ለኢንዛይም፣ ማለትም ስታርችን ወደ ስኳር እንደመቀየር ያለውን ለውጥ ለሚያፋጥነው ነገር፣ ወሳኙ ቦታ እዚያው ነው። አንዱ ኢንዛይም በ60 ዲግሪ ጥሩ አድርጎ ይሠራል፣ በ80 ደግሞ ጨርሶ ይበላሻል። ይህን ልዩነት በጣት መለየት አይቻልም።

ዕቃው ቀላል ነው። ርዝመቱ ከእስክሪብቶ ትንሽ ይበልጣል። ታች ጫፉ የሾለ የብረት ዘንግ አለው፣ ላይ ደግሞ ቁጥር የሚታይበት ትንሽ መስኮት። ማሸጊያው ላይ ከዜሮ በታች 50 እስከ 300 ዲግሪ ይለካል ተብሎ ተጽፏል። ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 1 ዲግሪ ነው ይላል። ታይዋን ገበያ ውስጥ የቤት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው የገዛሁት። ባለሱቁ 800 ብር ብሎ ጀመረና 650 ላይ ተስማማን።

እዚያ ሱቅ የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ለገዢ ይጠቅማል። ባለሱቁ ዕቃውን እየጠቀለለ «አቦ ቲቸር፣ ቤት ሄደሽ ውሃ አፍይበት። መቶ ካላለ መልሺው፣ ብርሽን እሰጥሻለሁ» አለኝ። ቅን ሰው ነው። ግን ድሬዳዋ ላይ ውሃ በመቶ አይፈላም። ከተማችን ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ የመፍያው ሙቀትም በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 96 አካባቢ ነው። ሐረር 94፣ አዲስ አበባ 92 ገደማ ይሆናል። ይህን ስነግረው «ለዚህ ነዋ ሰው ተበላሽቷል እያለ የሚመልስብኝ!» አለ። እናንተም ድሬ ላይ 96 ካያችሁ ዕቃው ደህና ነው። መቶ ካላችሁ ነው መጠራጠር ያለባችሁ።

የበለጠ የማምነው ግን የበረዶውን ፈተና ነው። በረዶ ሰባብራችሁ ብርጭቆ ሙሉ፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ዘንጉን መሃል ላይ ንከሩት። ከፍታው ምንም ይሁን ዜሮ ማለት አለበት። የእኔው 0.4 አለ። ለዚህ ዋጋ በጣም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ክፍሌ ልውሰዳችሁ። ኢንዛይም የ11ኛ ክፍል ርዕስ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለውን ግራፍ ተማሪ ሁሉ ይሸመድደዋል። ሙቀት ሲጨምር መስመሩ እየወጣ ይሄዳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ፈተና ላይ ይስሉታል። ለምን መውጫው ዝግ ብሎ መውረጃው እንደዚያ እንደሚፈጥን ስትጠይቋቸው ግን ዝም ይላሉ።

መውጫው ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሞለኪውሎች ይፈጥናሉ፣ ኢንዛይሙና የሚሠራበት ነገርም ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ። እንደ ግምት የሚያዘው ደንብ በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል የሚል ነው። መውረጃው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገባል። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። በልዩ አተጣጠፍ ተጣጥፎ ነው ሥራውን የሚሠራው። ቅርጹን የያዙት ደካማ ትስስሮች ናቸው። ሙቀቱ ሲበዛ ይበጣጠሳሉ፣ ቅርጹ ይፈታል፣ የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ቦታም አብሮ ይጠፋል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ይረጋ የለ? እሱም ፕሮቲን ነው፣ የሚደርስበትም ይኸው ነው። ቢቀዘቅዝም ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም።

ይህን ለማሳየት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። በውሃ ተበጥብጦ የተቀቀለ ቀጭን የስታርች ውሃ፣ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን በውሃ የቀጠነ፣ ነጭ የሸክላ ሳህን፣ የመስታወት ቱቦዎች፣ እና ምራቅ። ምራቅ ውስጥ አሚላዝ የሚባል ስታርች የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርቹ ተሰባብሮ ሲያልቅ የራሱን ቢጫ ቡኒ እንደያዘ ይቀራል። አንዱን ቱቦ በረዶ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን ክፍሉ ውስጥ እንዲሁ፣ አንዱን 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን 60 ላይ፣ የመጨረሻውን የሚፈላ ውሃ ውስጥ እናስቀምጣለን።

ቴርሞሜትሩ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው። ምራቁና ስታርቹ ከመቀላቀላቸው በፊት ለየብቻቸው ያ ሙቀት ላይ መድረስ አለባቸው። ውሃው 37 ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ያለውም ወዲያው 37 ነው ማለት አይደለም። ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ገብቶ የውስጡን ይለካል። በፊት የነበረን ወፍራሙ የመስታወት ቴርሞሜትር ይህን አያደርግም ነበር።

ሌላም ነገር አስተውሉ። የአዮዲኑ ሰማያዊ ቀለም በራሱ በሙቀት ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አዮዲኑን ቀጥታ ትኩሱ ቱቦ ውስጥ የሚጨምር ሰው ስታርቹ ሳያልቅ አልቋል ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ አዮዲኑን ሳህኑ ላይ አንጠባጥቡ፣ ከቱቦው አንድ አንድ ጠብታ እየወሰዳችሁ እዚያው ፈትሹ። ጠብታዋ ሳህኑን እንደነካች ትቀዘቅዛለች።

የድሬ ክፍል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መጽሐፉ «የክፍል ሙቀት» ሲል 20 ወይም 25 ዲግሪ አስቦ ነው። ግንቦት ላይ ከቀኑ ሰባት ሰዓት እኛ ክፍል ቴርሞሜትሩ 33 ይላል። ስለዚህ እንዲሁ የተቀመጠው ቱቦ 37ቱን ሊደርስበት ምንም አይቀረው፣ ተማሪው ደግሞ መጽሐፉ ላይ ያለው ትልቅ ልዩነት የት ሄደ ይላል። ቁጥሩ በእጃችሁ ካለ መልሱ ቀላል ነው፤ 33 ከ37 ብዙም አይርቅም። ጥቅምም አለው። የ37ቱ ውሃ እኛ ጋ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ክዳኑ የተከፈተ ፔርሙዝ ውስጥ ብቻ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ይቆያል። የሚያስቸግረው በረዶው ነው፤ ከካፌ አስመጥተን ሳንጨርስ ይቀልጣል።

ውጤቱ ሁልጊዜ ያምራል። 37ቱ ቶሎ ቀለሙን ያጣል። በረዶው ውስጥ ያለው እንደጠቆረ ይቆያል። የፈላውም እንደጠቆረ ይቆያል። ተማሪው ሁለቱን አይቶ «አንድ ናቸው» ይላል። ከዚያ ሁለቱንም አውጥተን 37 ውስጥ እንከታቸዋለን። የበረዶው መሥራት ይጀምራል፣ ጥቁሩ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። የፈላው ምንም አይልም። ባለፈው ዓመት ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ የፈላውን በረዶ ውስጥ አስቀምጠን ብናመጣውስ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመስማት ነው የማስተምረው። አደረግነው። እንደጠቆረ ቀረ። ግራፉ ለምን በግራና በቀኝ እንደማይመሳሰል ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ወደ ኩሽና ስመጣ፣ እማዬ መጀመሪያ ላይ ብዙም አላመነችውም ነበር። እንጀራ ስትጋግር አብሲቱን አብስላ፣ «ለብ ሲል» ነው ወደ ሊጡ የምትመልሰው። ለብ የምትለውን ለካሁት፤ 40 አካባቢ ነው። በሌላ ቀንም ለካሁት፣ ያው ሆነ። ሊጡ ውስጥ ያሉት እርሾዎች ከዚያ ብዙ ከፍ ያለ ሙቀት አይችሉም። እማዬ ዕድሜ ልኳን በእጇ የለካችው ትክክል እንደነበረ ቁጥሩ መሰከረላት። «አየሽ ልጄ!» አለችኝና አሁን እሷው ናት ከመሳቢያ የምታወጣው።

ሐረር ያለችው እህቴ ቤት የለካሁት ደግሞ ለዓመታት ስንጠያየቅበት የነበረን ነገር ፈታልን። እዚህ የሚበጀውን እርሾ ወስዳ፣ አንድ ዓይነት ጤፍ አቡክታ፣ የእሷ ሊጥ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር። ጤፉን ትወቅሳለች፣ ውሃውን ትወቅሳለች። ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይለወጣል፤ ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። የእኛ ሊጥ ጠዋት ላይ 29 ዲግሪ ነበር። የእሷ 20። በየ10 ዲግሪው እጥፍ የሚለውን ደንብ ብታስቡ፣ የእሷ በግማሽ ፍጥነት ቢሄድ አይገርምም። ሊጥ ውስጥ የሚሠራው አንድ ኢንዛይም አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያና እርሾ እየተራባ፣ እያንዳንዱ በራሱ ኢንዛይሞች ነው የሚያብላላው። ስለዚህ ስሌቱ እንደ ቱቦው ጥርት ያለ አይሆንም። አቅጣጫው ግን ያው ነው። አሁን እህቴ ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለች፤ ጤፉን መውቀስም ትታለች።

ጠላ ላይ ነገሩ ይበልጥ ያስደስታል። ብቅል ውስጥ ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይሩ ሁለት ዋና ኢንዛይሞች አሉ፣ አልፋ አሚላዝ እና ቤታ አሚላዝ። ቤታው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ 70 ሲደርስ ይበላሻል። አልፋው 70 አካባቢን ይወዳል፣ ወደ 80 ሲጠጋ እሱም ያበቃለታል። ቢራ ጠማቂዎች የብቅሉን ውሃ 65 አካባቢ የሚይዙት ሁለቱም እንዲሠሩ ብለው ነው። እናቶቻችን እንኩሮውን ሳይቀዘቅዝ ከብቅሉ ጋር የማይቀላቅሉት፣ ብቅሉንም እሳት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት እንዲሁ አይደለም። ትኩስ እንኩሮ ላይ ብቅል ብታፈሱ ስኳር የሚሠራላችሁን ኢንዛይም ታጠፋላችሁ፣ እርሾውም የሚበላው ያጣል። ዘንጉን እንኩሮው መሃል መውጋት ነው። ላዩ የቀዘቀዘ መስሎ መሃሉ 75 ሲሆን አይቻለሁ።

ፓፓያም አለ። ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ያልበሰለ አረንጓዴ ፓፓያ ግዙ። የሚወጣው ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ፓፔይን የሚባል ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ ጠንካራ ሥጋ ያለሰልሳል። የበሰለው ፓፓያ ይህ ኢንዛይም በጣም ያንሰዋል። ፓፔይን ሙቀት ከሚችሉት ወገን ነው፣ በ65 ዲግሪ አካባቢ ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ብታሳድሩት ብዙም አይፈጥንም፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ድስቱ ቀስ እያለ ሲሞቅ ነው። የግመል ሥጋ ስሠራ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ከ60 እስከ 65 መካከል ጥቂት አቆየዋለሁ፣ ከዚያ አፈላዋለሁ። ሲፈላ ኢንዛይሙ ይጠፋል፣ ሥጋውም ከዚያ በላይ አይላላም። ብዙ ካቆያችሁት ግን ይፈራርሳል፣ ለወጥ አይሆንም።

የልብስ ሳሙና ዱቄት ማሸጊያ ላይ ኢንዛይም አለው የሚል ካያችሁ ውሃውን 40 አካባቢ አድርጉት። የፈላ ውሃ የከፈላችሁበትን ነገር ያጠፋባችኋል።

ወተት ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ጥሬ ወተት፣ የላምም ይሁን የግመል፣ ቤት ውስጥ ሳይሞቅ አይጠጣ። 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ማቆየት ወይም 72 ላይ 15 ሰከንድ የታወቁት የፓስቸራይዜሽን፣ ማለትም ወተትን አሙቆ ጀርም የመግደል፣ መጠኖች ናቸው። የመጀመሪያውን በዚህ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ መከታተል ይቻላል፣ እያማሰላችሁ። የላም ወተት በትክክል መሞቁን ላብራቶሪ የሚፈትሸው በአንድ ኢንዛይም ነው፤ አልካላይን ፎስፋታዝ ይባላል። ወተቱ በቂ ሙቀት ሲያገኝ እሱም ይጠፋል፣ ስለዚህ ከተገኘ ወተቱ አልሞቀም ማለት ነው። የግመል ወተት ውስጥ ያለው ግን ሙቀትን የበለጠ ይቋቋማል፣ እዚያ ላይ ይህ ፈተና አያስተማምንም። አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸው ኢንዛይሞች እንኳ ከእንስሳ እንስሳ የሚችሉት ሙቀት ይለያያል። የግመል ወተት በየሰፈሩ በሚሸጥበት ከተማችን ይህን ማወቅ ደስ ይለኛል።

እንከኖቹን ልዘርዝር። አንደኛ፣ ይዘገያል። ቁጥሩ እስኪረጋ 10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰው ቸኩሎ ያነባል፣ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ለሥጋ ጥሩ ነው፣ ለክፍል ሙከራ ግን ያናድዳል፤ በየመሃሉ አንድ ተማሪ ማብሪያውን እንዲጫን መመደብ አለባችሁ። ሦስተኛ፣ ራሱ ላይ ውሃ አይችልም። ዘንጉን ብቻ እጠቡ። እንፋሎት ላይ ስትይዙትም መስኮቱ በውስጥ በኩል ጉም ይይዛል። አራተኛ፣ ወደ ፋራናይት የሚቀይረው ቁልፍ ከማብሪያው ጎን ተለጥፏል። ድንገት 98 ብሎ ለብ ያለ ውሃ ካያችሁ ቁልፉ ተነክቷል ማለት ነው። መለኪያው ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ስለሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ካልጠለቀ የአየሩን ይቀላቅላል።

ለልጅ ትኩሳት አትጠቀሙበት። 1 ዲግሪ ስህተት ለሊጥ ምንም አይደለም፣ 38 እና 39ን ለመለየት ግን አይሆንም፤ ጫፉም ሹል ነው። ለዚያ የፋርማሲውን ግዙ። የፋርማሲውንም ወደ ትኩስ ድስት አታስገቡ፣ የተሠራው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ነው። በኮቪድ ጊዜ ግንባር ላይ ሲያነጣጥሩት የነበረውን ዓይነት ለኩሽና የሚገዙም አሉ። እሱ የሚያነበው ገጽታውን ብቻ ነው። የሊጡን ወይም የእንኩሮውን ውስጥ አያውቅም።

ለትምህርት ቤት ከሆነ ከአንድ ይልቅ ሦስት ብትገዙ ይሻላል፤ አንዱ ለበረዶው፣ አንዱ ለ37ቱ፣ አንዱ ለትኩሱ። ሦስቱንም በአንድ የበረዶ ብርጭቆ ፈትሹና ልዩነታቸውን ጀርባቸው ላይ በፕላስተር ጻፉበት። ባትሪው ኤልአር44 የሚባለው ትንሿ ክብ ነች፣ ሰዓት የሚሠሩት ጋ አይጠፋም። ቁጥሩ ሲደበዝዝ ሳይጠፋ በፊት ቀይሩት፣ ባትሪው ሲደክም የሚያሳየውም መዋዠቅ ይጀምራልና።